የቀዝቃዛ ጣት ማስተካከያ

ሰኔ 3፣ ሰኞ

ሠራች! ሠራች! ሠራች!

በጥድፊያ ነው የምጽፈው፤ ነገ ይህን ጽሑፍ ራሴም የማነበው አይመስለኝም። ይሁን። ቆንጣጢት ዛሬ ያለ መርፌ፣ ያለ አንዲት ጠብታ፣ የሰው ደም ለካች። ሁለት ዓመት ሙሉ “ይቺ ሴትዮ ጤናም የላት” የተባልኩባት፣ ከልብስ መቆንጠጫ እምብዛም የማትበልጥ ነገር! ጣት ትይዛለች፣ በጥፍሩ በኩል ብርሃን ትልካለች፣ በሥጋው አልፎ ከወጣው ብርሃን አስልታ ስልክ ላይ ቁጥር ታወጣለች። ከአሥራ አንድ በላይ ከሆነ ደህና ነው። ከዚያ ከወረደ ደም ማነስ አለ። ከሰባት በታች ከሆነ ወሬ የለም፣ ወደ ሆስፒታል መሮጥ ነው።

መጀመሪያ ዝምታው ጣቱን ሰጠ። ዝምታው ፕሮግራሙን የሚጽፍልን ባልደረባዬ ነው፤ ስሙን ያወጣሁለት እኔ ነኝ፣ ሁለት ዓረፍተ ነገር ካከታተለ ያመዋል። አሥራ አምስት ወጣለት። ከወርክሾፓችን ሥር የምትሠራውን ልብስ ሰፊ ጠራናት፤ እሷ አሥራ ሦስት። ሁለቱም በቅርቡ ላብራቶሪ ከተለኩት ጋር ገጠመ። ከዚያ እኔ ጣቴን ከተትኩ። ሰባት ነጥብ ስድስት!

“ፈጣሪዋን አላወቀቻትም” አለ ዝምታው። እንባችን እስኪመጣ ሳቅን።

የእኔ ነገር ይገባኛል፤ እጄ ሁልጊዜ በረዶ ነው። ቀዝቃዛ ጣት ውስጥ ደም እንደ ልቡ አይዘዋወርም፣ ብርሃኑ ይሳሳታል። ይስተካከላል። በደስታ ደረጃውን በሩጫ ልወጣ ብዬ መሃል ላይ ቁጭ አልኩ። ደስታም ትንፋሽ ያሳጥራል ለካ።

ሰኔ 5፣ ረቡዕ

ጤና ጣቢያው ተቀበለን! ሙከራውን የሚቆጣጠሩት የሆስፒታሉ ዶክተር ናቸው፤ ቆፍጣና ሴት፣ ፈገግታቸውን በመነጽር ጭምር ፈልጌ አጣሁት። ነገሩ እንዲህ ነው፤ ነፍሰ ጡሮች ለክትትል ሲመጡ ቆንጣጢት ትለካቸዋለች፣ ደማቸውም እንደ ወትሮው ተቀድቶ ወደ ሆስፒታሉ ላብራቶሪ ይሄዳል። ሁለቱ ከተስማሙ ቆንጣጢት ወደ ሌሎች ጤና ጣቢያዎች ትገባለች። ካልተስማሙ፣ ዶክተሯ እንዳሉት፣ “ሻንጣችሁን አንጠልጥላችሁ ትሄዳላችሁ።”

አዋላጇ ሲስተር ግን ሌላ ነገር ነው ያሳየችኝ። ናሙና የሚወስደው መኪና በሳምንት አንዴ ነው የሚመጣው። ውጤቱ ሲመለስ ሴትየዋ የለችም። “አንዳንዷን ዳግመኛ የማያት ምጥ ይዟት ስትመጣ ነው። ደም የሌላት ሴት ደግሞ ስትወልድ ትንሽ ከፈሰሳት አለቀ” አለች፣ ጓንቷን እየለበሰች። “ይቺን ነገር ቀደም ብለሽ ብታመጪልኝ ኖሮ…” ብላ ተወችው። ማንን አስታውሳ እንደሆነ አልጠየቅኳትም።

እና ቆንጣጢት መዋሸት የለባትም። መንገዱን ሁሉ ይህንኑ ለራሴ ስደጋግም መጣሁ።

ሰኔ 9፣ እሑድ

አማቴ ዛሬ ቁርስ ላይ ትኩር ብለው አዩኝና “ልጄ፣ ፊትሽ እኮ አመድ መስሏል” አሉ። ነገሩ ገብቶኛል። “ሥራ አበዛሽ፣ ቤትሽን ረሳሽ” ማለታቸው ነው። አምፖሉ ነው እማማ፣ ነጭ አምፖል ሁሉንም ሰው እንዲህ ያስመስላል አልኳቸው። እሳቸው ግን አምፖሉን ሳይሆን እኔን ነበር የሚያዩት።

ባለቤቴ ደግሞ ማቀዝቀዣውን ከፍቶ “በረዶውን ማን ጨረሰው?” ይላል። እኔ ነኛ! ሰው ሲጋራ ያጨሳል፣ እኔ በረዶ እቆረጥማለሁ። ከሁለቱ የቱ ይሻላል አልኩት። ሳቀ፤ ግን እንደ ወትሮው አይደለም።

ሰኔ 11፣ ማክሰኞ

ከዝምታው ጋር ተጣላን። ልክ ነኝ፣ ግን ደስ አላለኝም፤ ስለዚህ እስኪወጣልኝ ልጻፈው።

ጠዋት ጠዋት ሥራ ሳንጀምር ቆንጣጢትን አንድ ጣት ላይ እንሞክራለን፣ ያም ጣት የእኔ ነው። ሁሌ አለሁ፣ ታምሜ አላውቅም፣ ስለዚህ መለኪያዋ እኔ ነኝ። “የመለኪያ ጣት” እንላታለን፣ ሌባ ጣቴን። አሁን ቁጥሩ በእኔ ላይ ሰባት ምናምን ላይ ተቸክሎ ቀረ። እጄን ሳሞቅ እንኳ ብዙም አልነቃነቀም። ስለዚህ የቀዝቃዛ ጣት ማስተካከያ እናስገባ አልኩ፤ የያዘችው ጣት የቀዘቀዘ ከሆነ ቆንጣጢት ቁጥሩን ከፍ ታድርገው። እኔ ላይ አሥራ ሁለት እስክትል ድረስ።

ዝምታው ኪቦርዱን ገፋ አደረገው። “የሌላው ሰው ልክ ነው። ያንቺ ብቻ ነው የተለየው።”

“ታዲያ የእኔ ጣት የሰው ጣት አይደለም?”

“ደምሽን ላብራቶሪ እንለካው።”

“ሰኞ ሙከራ ይጀምራል! ለአንድ ጣት ግማሽ ቀን ላቃጥል? እኔ እኮ እንደ ፈረስ ነኝ።”

ኪቦርዱን መልሶ ሳበው። ማስተካከያውን አስገባው። ጣቴን ከተትኩ፤ አሥራ ሁለት። ይኸው! አጨበጨብኩ። ብቻዬን ነው ያጨበጨብኩት።

ሰኔ 14፣ ዓርብ

ቻርጀር። ትርፍ ክሊፕ። አልኮልና ጥጥ። ስልኩን ማዘመን። ሲስተርን ማስተማር። (ሲስተር ከእኔ ቀድሞ ገብቷታል።)

ያ የወር ነገር ዘንድሮ አላቋርጥ አለ። እንግዳ ሆኖ መጥቶ ቤተሰብ ሆነ። ሥራ ሲበዛ እንዲህ ነው ይላሉ። ሙከራው ይለቅና እታያለሁ።

ሰኔ 17፣ ሰኞ

የመጀመሪያው ቀን! ኮሪደሩ ጢም ብሎ ነበር። አግዳሚው አልበቃ ብሎ ሴቶቹ ተራ በተራ እየተነሡ ይቀያየራሉ፤ ሆዷ የገፋው ትቀመጥ እየተባለ የማንኛዋ ሆድ እንደሚበልጥ ክርክር ሆነ። መርፌ የለውም ስላቸው አንዷ ጣቷን ከትታ ስልኩን እያየች “እህቴ፣ ይቺ ነገር የሰው ልብም ታያለች?” አለችኝ። ለምን ብላት፣ “ባሌን ላመጣው ነዋ!” ኮሪደሩ በሳቅ ፈረሰ። ሲስተር ራሷ ግድግዳ ይዛ ሳቀች።

ላብራቶሪ የሚሄደው ደም ስላለ ለጊዜው መርፌውም አልቀረላቸውም። “ታዲያ ያንቺ ምኑ ነው ጥቅሙ?” ያለችኝም አለች። የሚቀጥለው ወር ነይ፣ ያኔ ታያለሽ አልኳት።

እንደዚህ ደስ ብሎኝ አያውቅም። አንዲት ሴት ጣቷን ስትሰጠኝና ስለ ራሷ ደም ቁጥሩን በገዛ ዓይኗ ስታነብ ፊቷ ላይ የሚመጣው ነገር! “ይሄ የእኔ ነው?” ይላሉ። ያንቺ ነው! እስከ ዛሬ ማን አሳያቸው? ወረቀቱ በሐኪም እጅ ነው የሚኖረው።

ሰኔ 20፣ ሐሙስ

እየሮጥኩ። ቁጥሮቹ ሁሉ ያማሩ። “ደህና ነሽ፣ ደህና ነሽ፣ ደህና ነሽ።” ዶክተሯ ደውለው “እንዴት ነው?” አሉ። በጣም ጥሩ አልኩ። “ከመጠን በላይ ጥሩ ከሆነ ንገሪኝ” አሉ። ምን ማለታቸው ነው?

ደረጃው ላይ ዓይኔ ጨለመብኝ። ቁርስ አልበላሁም ነበር። ያ ነው።

ሲስተር አንዲት ዳቦ ሻጭን ሁለት ጊዜ ለካቻት። ሆዷ ስምንተኛ ወሩን ይዟል፣ ምላሷ ስለት ነው። አሥራ አንድ ነጥብ ሁለት። ሲስተር የዓይኗን ቆብ ገልብጣ አየችና “እንዲህ ነጥቶ?” ብላ ወደ እኔ ዞረች። ማሽኑ ደህና ነች ይላል አልኩ። ሸኘናት።

ሰኔ 25፣ ማክሰኞ

ከሆስፒታል የላብራቶሪው ውጤት መጣ። አብዛኛው ከቆንጣጢት ጋር ገጥሟል፣ ግጥም ብሎ! ግን ደም ማነስ ያለባቸው አምስት ሴቶች ነበሩ፤ ቆንጣጢት አምስቱንም “ደህና” ብላቸዋለች። አንዷንም አልያዘችም። ለእነሱ ብለን የሠራናት ለእነሱ አልሠራችም።

መጀመሪያ ላብራቶሪው ተሳስቷል አልኩ። ጮኼም ነበር መሰለኝ። የአብዬን ወደ እምዬ ማለት ይኼ ነው። ዝምታው ኮምፒውተሩን ወደ እኔ አዞረው። አምስቱም ጣታቸው ቀዝቃዛ ነበር። ከማስተካከያው በፊት ያለውን ቁጥር አወጣው፤ አምስቱም ከላብራቶሪው ጋር ይገጥማሉ። ብርሃኑ አልተሳሳተም ነበር። ደም ያነሰው ሰው እጁ ይቀዘቅዛል፤ እኔ ደግሞ እጁ የቀዘቀዘውን ሁሉ “ደህና ነህ” የሚል ነገር አስገባሁ። የቸኮለ አፍሶ ለቀመ።

የዳቦ ሻጯ ደም ስድስት ነጥብ ዘጠኝ ነው። ምጧ ዛሬ ቢመጣስ? ስልክ የላትም። አድራሻዋ “አውቶቡስ ማቆሚያው ጋ ዳቦ እሸጣለሁ” ብቻ ነው። የትኛው ማቆሚያ? ሲስተር አራቱን ሌሎች በስልክ አግኝታለች፤ እሷን ነገ ጠዋት በመኪና እንፈልጋለን። አምላኬ፣ እስከ ነገ ብቻ አቆይልኝ።

ሰኔ 26፣ ረቡዕ

አገኘናት! ከመጀመሪያው ልጻፍ፣ ብዙ ነገር ሆኗል።

እኔ፣ ሲስተርና ዝምታው ከማቆሚያ ማቆሚያ ዞርን። አንዱ ጋ ዳቦ ሻጭ የለም፤ ሌላው ጋ ያለው ሽማግሌ ነው። ገበያው አጠገብ ካለው ስንደርስ የፕላስቲክ ሳጥን ላይ ቁጭ ብላ፣ ቅርጫቷን ጉልበቷ ሥር አድርጋ፣ ለአንዱ መልስ ስትቆጥር አየኋት። ከመኪናው ሳይቆም ልወርድ ነበር።

“ሆስፒታል መሄድ አለብሽ፣ አሁኑኑ” አልኳት።

“ደህና ነሽ ብላችሁኝ አልነበር እንዴ?”

“ተሳስተን ነው።”

“ማን ነው የተሳሳተው? ያቺ ማሽን?”

“እኔ ነኝ” አልኩ።

ከላይ እስከ ታች አየችኝ። “እንኳን መጥተሽ ነገርሽኝ” አለችና ዳቦዋን ለጎረቤቷ አደራ ሰጥታ ተነሣች። መኪናው ላይ ስትወጣ እጄን ያዘች። ወዲያው ለቀቀችው። “ውይ እጅሽ! ከእኔና ካንቺ ማን ነው የታመመው?”

ሳቅኩ። ሲስተር ግን አልሳቀችም። ሆስፒታል እስክንደርስ በመስታወት ስታየኝ ነበር። ዳቦ ሻጯን ለዶክተሯ ካስረከበች በኋላ ክንዴን ይዛ ወንበር ላይ አስቀመጠችኝ። “እጅጌሽን ሰብስቢ።” አሁን እኮ ጊዜ የለንም ስላት፣ “የራሷ እያረረባት የሰው ታማስላለች የሚባለው ላንቺ ነው። ሰብስቢ አልኩሽ!” አለች። ሰበሰብኩ።

ሰባት ነጥብ አራት።

ወረቀቱን ደግሜ አነበብኩት። ከዚያ ያ የመጀመሪያው ቀን ቁጥር ትዝ አለኝ፣ ሰባት ነጥብ ስድስት። ቆንጣጢት ልክ ነበረች! ከመጀመሪያው ቀን፣ ከመጀመሪያው ደቂቃ፣ ልክ ነበረች! እኔ ነኝ አፏን የዘጋሁት። ዝምታው ኮሪደሩ ላይ ነበር፤ ሮጬ ወረቀቱን ፊቱ ላይ ዘረጋሁለት። “ልክ ናት! እይ! ደም የለኝም! ልክ ናት!” አልኩ። አንዲት አሮጊት ከነልጃቸው ቆመው አዩኝ። ደም የለሽም ተብሎ የጨፈረ ሰው ካለ እኔ ነኝ። ዝምታው መጀመሪያ ሳቀ፣ ከዚያ ዓይኑ እንባ ሞላ። “ቁጭ በይ፣ ትወድቂያለሽ” አለኝ።

ቁጭ አልኩ። ያኔ ነው የፈራሁት።

ሰኔ 29፣ ቅዳሜ

በአልትራሳውንድ ታየሁ። ማህፀኔ ውስጥ ዕጢ አለ፤ ክፉው ዓይነት አይደለም፣ ደሙን የሚያፈሰው እሱ ነው። ደሙን የሚያቆም መድኃኒትም፣ የሚዋጥ የብረት ክኒንም ሰጡኝ። በረዶ ያሰኘኝም ደም ማነሱ ነው አሉኝ። ባለቤቴ ይህን ሲሰማ ማቀዝቀዣውን እንደ ጠላት ዞሮ አየው።

አማቴ “ብዬሽ ነበር” አላሉም። ሾርባ ሠርተው አጠገቤ አስቀመጡና ፀጉሬን ዳሰሱኝ። ያ ነው የባሰብኝ። ወራት ሙሉ እያዩኝ ነበር፤ እኔ ነገር ያሹ መስሎኝ። ሆድ ሲያውቅ ዶሮ ማታ ይባላል፤ እኔም እኮ ሳላውቅ አልቀረሁም። የሴቶችን ደም እለካለሁ እያልኩ የራሴን በማስተካከያ ሸፈንኩት። እንዴት ሰው ይህን ያህል ደደብ ይሆናል?

ዳቦ ሻጯ ደም ተሰጥቷታል፤ እዚያው ሆስፒታል ተኝታ ትጠብቃለች።

ሐምሌ 1፣ ሰኞ

ዶክተሯ ቢሮ ጠሩን።

“ማስተካከያውን ማን አስገባ?”

“እኔ።”

“በምን ማስረጃ?”

“በራሴ ጣት።”

መነጽራቸውን አውልቀው ዓይናቸውን አሹ። አሁን ሻንጣችንን አንጠልጥለን መሄዳችን ነው ብዬ ቦርሳዬን ያዝኩ። “ስህተትሽን ደብቀሽ ብትመጪ ኖሮ በሩ ያ ነበር” አሉ። “ማስተካከያው ይውጣ። ከሀ ትጀምራላችሁ። ላብራቶሪውም ውጤቱን በዚያው ቀን እንዲመልስ አደርጋለሁ። ማንም ሴት በእናንተ ማሽን ቃል ብቻ ወደ ቤቷ አትሄድም፣ እኔ በቃ እስክል ድረስ።”

ከሀ! ከሀ መጀመር ማለት እኮ አልቆመም ማለት ነው። ደረጃውን በቀስታ ወረድኩ፣ የብረት መደገፊያውን ይዤ፣ እንደ ሽማግሌ። ልቤ ግን ትዘላለች።

ሐምሌ 4፣ ሐሙስ

ማስተካከያው ወጣ። ዝምታው የማጥፊያውን ቁልፍ “አንቺ ተጫኚ” አለኝ። ተጫንኩ።

የመለኪያ ጣት የሚባል ነገርም ቀረ። ከእንግዲህ ጠዋት ጠዋት ቆንጣጢትን የምንፈትናት ሲስተር በምትመርጥልን፣ ደሙ በላብራቶሪ በተለካ ሰው ጣት ነው። ያልተለካ ጣት፣ የእኔም ቢሆን፣ አይሆንም።

ዛሬ ከመጡት ሁለቱን ያዘች። ሁለቱንም ላብራቶሪው አረጋገጠ! ሲስተር አንደኛዋን ይዛ ወደ መድኃኒት ክፍል ስትሄድ እያየሁ ጣቴን ነከስኩ።

ሐምሌ 11፣ ሐሙስ

አጭር። ደክሞኛል፣ ግን ደህና ድካም ነው። ያዘች፣ ያዘች፣ እንደገና ያዘች። አንዷ “ከየት አወቀችብኝ?” አለች፣ ሐሜተኛ ጎረቤቷን የምትከስ ይመስል። አንዷን በከንቱ “ደም ማነስ” ብላታለች፤ ዶክተሯ “በዚህ በኩል ከተሳሳተች አልጠላም፣ ግን ለምን እንደሆነ ፈልጉ” አሉ። ዝምታው እየፈለገ ነው። የጥፍር ቀለም ይመስለኛል ይላል። ሳይጠየቅ ተናገረ!

አማቴ ክኒኔን እየቆጠሩ ነው።

ሐምሌ 22፣ ሰኞ

ወለደች!

ጠዋት ሲስተር ደወለች፤ “ዳቦ ሻጯ ምጥ ይዟታል፣ እኔም አብሬያት ነኝ፣ መምጣት ከፈለግሽ ነይ።” ኮሪደሩ ላይ ጥግ ይዤ ቆምኩ። ነርሶች ሲሮጡ አየሁ። አንዷ የደም ከረጢት አቅፋ ገባች፣ ቀጥላ ሌላዋ። በሩ ተዘጋ። ግድግዳው ላይ ያለውን የክትባት ፖስተር ደጋግሜ አነበብኩት፤ ምን እንደሚል አሁን ብትጠይቁኝ አላውቅም።

በመጨረሻ ሲስተር ወጣች። “ወንድ ልጅ። ሁለቱም ደህና ናቸው። ደም ፈስሷታል፣ ብዙ ነው የፈሰሳት። ግን አስቀድመን ስላወቅን ደሙ ተዘጋጅቶ ነበር።”

“ባናውቅስ ኖሮ?”

እጇን ልትታጠብ ወደ ቧንቧው ዞረች። ረጅም ጊዜ ታጠበች። ግንባሬን ግድግዳው ላይ አስደግፌ አለቀስኩ፤ አላፈርኩም።

ዶክተሯ ከኋላዋ ወጡ። ላባቸውን እየጠረጉ፣ ስለ አየር ጠባይ የሚያወሩ ይመስል፣ “ውጤታችሁን ትናንት ጨርሼ አየሁት” አሉ። “ሰባት ጤና ጣቢያ ይጀምር። ስንት አላችሁ?” ሦስት ብቻ ነው ያለን አልኳቸው። “እና እዚህ ቆመሽ ምን ታደርጊያለሽ?” አሉና ሄዱ። ሰባት! ለዝምታው ደወልኩለት። “ሰባት?” አለ። “ሰባት!” አልኩት። ከዚያ በስልኩ ውስጥ የወንበር ድምፅ፣ ከዚያ ጩኸት። ዝምታው ጮኸ!

ዳቦ ሻጯ ጋ ከሰዓት በኋላ ሲፈቀድልኝ ገባሁ። ከንፈሯ ደርቋል፣ ልጁ ደረቷ ላይ ተለጥፎ ተኝቷል። ቆንጣጢትን እጄ ላይ ስታይ፣ “አሁንስ ትዋሻለች?” አለችኝ።

“አሁን አትዋሽም።”

“ያዢ እስቲ” ብላ ጣቷን ሰጠችኝ። ዘጠኝ ነጥብ ስምንት። ከተሰጣት ደም ጋር፣ ወልዳ፣ ዘጠኝ ነጥብ ስምንት። ስልኩን አዞርኩላት። አንብባ፣ “ያንቺስ?” አለች። ጣቴን ከተትኩ። ዘጠኝ ነጥብ አምስት።

“በለጥኩሽ!” አለች፣ ልጁ እስኪነቃ። “ወልጄ እንኳ በለጥኩሽ! ክኒንሽን በደንብ ትውጫለሽ ወይስ አትውጪም?”

የዛሬውን ከቦርሳዬ አወጣሁ። የራሷን ብርጭቆ ገፋ አደረገችልኝ። “እሺ” አልኳት፤ እያየችኝ ዋጥኩ።